ፑኮ፣ ሞራ፣ ቶሌክኒቭ ወይስ ሌውኩ? የሰሜን አውሮፓ ባህላዊ ቢላ ለመምረጥ

ስዊድን፣ ኖርዌይ ወይም ፊንላንድ ጥቂት ዓመት የኖረ ሰው ከእነዚህ ቢላዎች አንዱ እጁ ሳይገባ አይቀርም። አንዱ ግንባታ ላይ ሲቀጠር ከሥራ ልብሱ ጋር ይታደለዋል። ሌላው ከጎረቤቱ ጋር እንጉዳይ ሊለቅም ጫካ ሲወጣ ይገዛል። ሌላው ደግሞ ጡረታ ሲወጣ ባልደረቦቹ የቀንድ እጀታ ያለው ያማረ ቢላ ያበረክቱለታል። ችግሩ ራሱ መርጦ ሊገዛ ሱቅ ሲገባ ይጀምራል። መደርደሪያው ላይ በመልክ የሚመሳሰሉ፣ በዋጋ ግን ከአሥር እጥፍ በላይ የሚራራቁ ቢላዎች ተደርድረው ይጠብቁታል። ሁሉም አጫጭር፣ ሁሉም ጀርባቸው ቀጥ ያለ፣ ሁሉም «ባህላዊ» ናቸው።

እኔ ስዊድን ውስጥ በአናጢነት እሠራለሁ። ቢላ ከወገቤ የሚወርደው ወደ ቤት ስመለስ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን የራሴን ቢላ ግን በዓይኔ ነው የገዛሁት፤ ከአንድ የስጦታ ዕቃ መሸጫ፣ እጀታው ላይ አጋዘን የተቀረጸበት፣ አፎቱ በቆዳ የተዋበ። ሦስት ቀን ሳይሞላው ደነዘ። ድንጋይ ላይ ባሸው ባሸው ስለት አልይዝ አለ፤ ብረቱ ለስላሳ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቢላ ሲያሳዩኝ እጀታውን የማየው በመጨረሻ ነው። እዚህም የምሄደው በዚያው ቅደም ተከተል ነው።

መጀመሪያ መለኪያዎቹ

ከሁሉ በፊት የሚታየው የስለቱ አወራረድ ነው። ቢላውን ከጫፉ በኩል ወደ ዓይንህ አቅናና ብረቱ ከጀርባው እስከ ስለቱ እንዴት እየሳሳ እንደሚሄድ ተመልከት። የተለመደው የወጥ ቤት ቢላ ከጀርባው ጀምሮ ቀስ እያለ ይሳሳና መጨረሻው ላይ፣ ስለቱ ዘንድ፣ ሌላ ትንሽዬ ዘቅዛቃ ይሠራለታል። የሰሜኖቹ ከዚህ ይለያሉ። የብረቱ ጎን እስከ ወገቡ ወይም ከዚያ ትንሽ ወረድ እስከሚል ድረስ ጠፍጣፋ ነው። ከዚያ በአንድ ጊዜ ሰፋ ያለ ዘቅዛቃ ይጀምርና ሳይሰበር፣ ሌላ ዘቅዛቃ ሳይጨመርበት፣ ስለቱ ላይ ያልቃል። የግራና የቀኙ ዘቅዛቃ የሚገናኙበት ማዕዘን አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ነው። በመላው ዓለም የቢላ ሠሪዎች «የስካንዲ ስለት» የሚሉት ይህንን ነው።

ጥቅሙ እንጨት ላይ ይታያል። ሰፊው ዘቅዛቃ እንጨቱ ላይ ተኝቶ እጅህን ይመራዋል። መፋቂያ የፋቀ ሰው ወዲያው ይገባዋል፤ ቢላው ወደ ውስጥ ልግባ ብሎ አይታገልም፣ ከላይም አያመልጥም፣ የፈለግከውን ያህል ልጦ ይወጣል። ሁለተኛው ጥቅሙ አሳሳል ላይ ነው። ማዕዘኑን በግምት መያዝ አያስፈልግም፤ ዘቅዛቃውን ድንጋዩ ላይ ማስተኛት በቂ ነው፣ ድንጋዩ ራሱ ማዕዘኑን ይነግርሃል። ጉዳቱም ከዚያው ይመጣል። ስለቱ ስስ ስለሆነ አጥንት ወይም ምስማር ሲያገኘው ይሸረፋል። ከዘቅዛቃው በላይ ያለው ብረት ደግሞ ሙሉ ውፍረቱን እንደያዘ ስለሚቀር ካሮት ስትቆርጥበት ካሮቱ ከመቆረጡ በፊት «ቀጭ» ብሎ ይሰነጠቃል።

ሁለተኛው መለኪያ የብረቱ ዓይነት ነው። ካርቦን የበዛበት አረብ ብረት በቀላሉ ይሳላል፣ ስል ስለትም ይይዛል፤ ግን ሎሚ ወይም እርጥብ እንጨት ከነካው በኋላ ሳይደርቅ ካደረ በማግስቱ ብርቱካንማ ነጠብጣብ ይታይበታል። ከማይዝጉት ውስጥ በእነዚህ ቢላዎች ላይ አዘውትሮ የሚገኘው በስዊድኗ ሳንድቪከን የሚመረተው 12ሲ27 የሚባለው ነው። ውስጡ 0.6 በመቶ ካርቦንና 13.5 በመቶ ክሮም አለው፤ በእጅ ድንጋይ ያለ ብዙ ድካም ይሳላል። 14ሲ28ኤን የሚባለው ታናሽ ወንድሙ ናይትሮጅን ተጨምሮበት ዝገትን ይበልጥ ይቋቋማል። ሦስተኛው መንገድ ድርብርብ ብረት ነው፤ ጠንካራው ብረት መሃል ገብቶ ግራና ቀኙ በለስላሳ ብረት ይታቀፋል። ስለቱ ጠንካራ፣ አካሉ ግን የማይሰበር ይሆናል። ድንጋይ ላይም አብዛኛው የምታሸው ለስላሳውን ስለሆነ ቶሎ ይሳላል።

ሦስተኛ፣ ብረቱ ወደ እጀታው እንዴት እንደገባ። ባህላዊዎቹ ሁሉ ማለት ይቻላል ቀጭን ጭራ አላቸው፤ ጭራው በእጀታው ውስጥ ያልፋል፣ አንዳንዱም በሌላው ጫፍ ወጥቶ በመዶሻ ተቀጥቅጦ ይታሰራል። ብዙ ገዢ ይህን ድክመት አድርጎ ያየዋል። በከባድ ብርድ ለሚሠራ ግን ትልቅ ጸጋ ነው። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ እጀታው ዙሪያውን እንጨት ብቻ የሆነ ቢላ ይያዛል፤ ብረቱ በእጀታው ጠርዝ ዙሪያ የሚታይ ቢላ ግን ጓንት ያላደረገ እጅን ያቃጥላል። የእጀታውን ያህል ሰፊ የሆነው ጭራ የሚያስፈልገው ቢላውን እንደ መፈልፈያ ለሚጠቀም ብቻ ነው።

በመጨረሻ አፎትና የጣት መከለያ። ባህላዊዎቹ መከለያ የላቸውም። እጁ የረጠበ ወይም በዓሣ ስብ የላሸቀ ሰው፣ ለመውጋት ከገፋው ጣቱ ወደ ስለቱ ይንሸራተታል። ለልጅና ለጀማሪ መከለያ ያለውን መግዛት ተገቢ ነው። ለሌላው ሰው ቢላውን ጫፉን ወደፊት እየገፉ አለመሥራት ይበቃዋል።

ሞራ፦ የሠራተኛው ቢላ

በስዊድን ዳላርና አውራጃ፣ በሲልያን ሐይቅ ዳርቻ፣ ሞራ የምትባል ከተማ አለች። አጠገቧ ባለችው የኦስትኖር መንደር ገበሬዎች ከእርሻ ጎን ለጎን ብረት መቀጥቀጥ የቆየ ልማዳቸው ነበር። በ1891 የተጀመረው የፍሮስት ፋብሪካና በ1912 የተጀመረው የኤሪክሰን ፋብሪካ ያደጉት ከዚሁ መንደር ነው፤ ኋላ ተዋህደው ዛሬ ሞራክኒቭ በሚል ስም ይሠራሉ (ዓመተ ምሕረቶቹ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)።

የጥንቱ ሞራ በርች ከሚባለው ልጡ ነጭ የሰሜን ዛፍ የተሠራ፣ ቀይ የተቀባ እጀታ አለው፤ መሃሉ እንደ በርሜል ያበጠ፣ ሁለቱ ጫፎቹ የቀጠኑ። ብረቱ 10 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ዛሬ በየሥራ ቦታው የሚታየው ግን የፕላስቲክና የጎማ እጀታ ያለው ነው። አፎቱም ፕላስቲክ ነው፤ በላይኛው ጫፉ ያለችው ቀዳዳ በሥራ ሱሪ ላይ ለቢላ ተብሎ በተሰፋው ቁልፍ ላይ ትሰካለች። አንድ እጅህ መሰላል ይዞ በሌላው ብቻ መዘህ ትቆርጣለህ፣ መልሰህ ስትከተው «ቀጥ» ሲል ትሰማዋለህ። ከቆዳ አፎት ይህን አታገኝም።

የውፍረቱ ነገር ሊታሰብበት ይገባል። መደበኛው 2.5 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ ለእንጨት መላግ፣ ለገመድ፣ ለካርቶን፣ ለምግብ ሁሉ የሚበቃ። «ከባድ ሥራ» የሚል የተጻፈባቸው 3.2 ሚሊሜትር ይደርሳሉ። ሰው ወፍራሙን «ይበረታል» ብሎ ይመርጣል፤ እኔም አንድ ጊዜ ገዝቼ ለሽርሽር ይዤው ወጣሁ። ማገዶውን ደህና አድርጎ ፈለጠልኝ። ምሳ ላይ ግን ቃሪያና ቲማቲም ልቆርጥበት ብል ቲማቲሙን ከመቁረጥ ይልቅ ጨፈለቀው። ከዚያ ወዲህ ማገዶ መፍለጥ የዕለት ሥራው ካልሆነ በቀር ወፍራሙን ለማንም አልመክርም።

የሞራ ድካም ምቾት ሳይሆን ክብር ላይ ነው። ብረቱ ከብዙ ውድ ቢላዎች የማይተናነስ ሆኖ ሳለ እጀታው ሲሞት ይሞታል፤ አይጠገንም። ሁለት መቶ ክሮነር ገደማ ለሚሸጥ ቢላ ግን ይህን ቅሬታ ማንሳት ይከብደኛል። በዚህ ዋጋ ከዚህ የተሻለ ስለት የትም አላየሁም፣ ይህን የምለውም ስንትና ስንቱን ከጨረስኩ በኋላ ነው።

ፑኮ፦ የፊንላንዱ

ፊንላንዶች ቢላቸውን ፑኮ ይሉታል፤ ቃሉ «ፑ» ከሚለው፣ እንጨት ማለት ከሆነው ቃላቸው ጋር ይያያዛል። ልኩ የተጠቃሚው መዳፍ ነው፤ ብረቱ የመዳፍ ወርድ ያህል፣ እጀታውም እንደዚያው ወይም ትንሽ ረዘም ያለ። ወርዱ ጠባብ፣ ጀርባው ቀጥ ያለ፣ መከለያ የሌለው። ሲያዩት ቀላል ይመስላል። እዚህ ላይ ግን ልቆይ፤ በእነዚህ ሁሉ ቢላዎች ውስጥ ለእንጨት ሥራ ይህን ያህል የታሰበበት የለም።

ጥሩ የእጅ ሥራ ፑኮ ላይ ብረቱን በአግድሙ ብትቆርጠውና ብታየው እንደ ተጋደመ ሽብልቅ ዓይነት ቅርጽ ታገኛለህ፤ ወፍራሙ ቦታ ጀርባው አይደለም፣ መሃሉ ነው። ከመሃሉ ወደ ስለቱም ወደ ጀርባውም ይሳሳል። ይህ ለውበት አይደለም። ቢላው እንጨት ውስጥ ገብቶ ሲዞር፣ ለምሳሌ የማንኪያ አንገት ስትቀርጽ፣ እንጨቱን የሚነካው መሃሉ ላይ ያለው ጠርዝ ብቻ ነው፤ ጀርባው ቦታ ስላለው አይነክስም። ጠፍጣፋ ጎን ያለው ቢላ በዚያው ኩርባ ላይ ይጣበቅብሃል። ሁለቱን በአንድ የበርች ቁራጭ ላይ ሞክራቸው፤ ጠፍጣፋው ኩርባው ላይ ደርሶ ቀጥ ብሎ ሲሄድ እንጨቱን ይሰነጥቃል፣ ባለ ሽብልቁ ግን ታጥፎ ይወጣል፣ ፍቅፋቂውም እንደ ጥቅል ወረቀት ተጠቅልሎ ይወድቃል።

በዚህ ቅርጽ ከሚታወቁት አንዱ የካይኑ አውራጃው ቶሚ ፑኮ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ካሌ ኬራነን የተባለ አንጥረኛ በፊስካርስ የብረት መንደር ከአንድ እንግሊዛዊ ባለሙያ ጥበቡን ቀስሞ እንደመጣ ይነገራል፤ «ቶሚ» የሚለው ስምም ከዚያ እንግሊዛዊ ስም የቀረ ነው ይባላል። ሌላው ስመ ጥር ፑኮ የካውሃቫው ነው፤ ኢሳኪ ያርቨንፓ በ1879 ሥራ በጀመረባት በካውሃቫ፣ የእጀታው ጫፍ የፈረስ ራስ የሆነው ቢላ ዛሬም ይሠራል። ያ አካባቢ አንድ ዘመን በቢላ ጠበኞቹ ስሙ የጠፋ ነበር፤ ዛሬ ግን ፑኮ ለሰው መስጠት የመተማመንና የአክብሮት ምልክት ነው። ወደ ሰሜን ሮቫኒየሚ ስትወጣ ደግሞ ከ1928 ጀምሮ የሚሠራውን የማርቲኒን ፋብሪካ ታገኛለህ፤ የፋብሪካ ፑኮ በመካከለኛ ዋጋ ለሚፈልግ የተለመደው መንገድ ይሄ ነው።

እጀታው ላይ የበርች ልጥ ካየህ አትናቀው። ልጡ በአራት ማዕዘን እየተቆረጠ፣ እየተደራረበ፣ እየተጨመቀ ጭራው ላይ ይሰካል። ሲነካ ለስላሳና ሞቃት ነው። ሲረጥብ አያዳልጥም፤ እንደውም እጅን ይይዛል። ዓሣ ለሚያጠምድ ሰው ከዥንጉርጉር በርች እጀታ ይልቅ እኔ ይህንን እመርጥለታለሁ።

የፑኮ አፎት ጥልቅ ነው፤ እጀታውን ግማሽ ድረስ ይውጠዋል፣ ከቀበቶም በተንጠለጠለ ማሰሪያ ይወርዳል። ስትቀመጥ ወደ ጎን ይሸሻል፣ ስትሮጥም አይወድቅም። ድካሙ ደግሞ ስለቱ ላይ ነው። «ዜሮ» ድረስ የተሳለ፣ ማለትም ሁለተኛ ዘቅዛቃ የሌለው ስለት አጥንት አይወድም። ፑኮህን ይዘህ በግ ለመበለት ከተነሳህ መገጣጠሚያውን በትዕግሥት ፈልግ፤ አጥንቱን አትቁረጥበት፣ አታጣምምበት።

ባለ ሽብልቅ ቅርጹን ስትገዛ ተጠንቀቅ፤ አንዳንዱ ሻጭ ይህን ስም እየጠራ ጠፍጣፋውን ይሸጣል። ጣትህን ከጀርባው ወደ ስለቱ በጎኑ ላይ አንሸራት። መሃል ላይ ጉብታ ካልተሰማህ የተባለው ሽብልቅ የለም።

ቶሌክኒቭ፦ የኖርዌዩ

ቶሌክኒቭ ማለት የመላጊያ ቢላ ማለት ነው። ከፑኮ ይልቅ ሆዱ ይሰፋል፣ ስለቱ ወደ ጫፉ ሲቃረብ ይቆለመማል፤ እጀታውም መሃሉ ላይ ጠብሰቅ ይላል። የኖርዌይ ባህል ልብስ ሲለበስ ከቀበቶው በብር ያጌጠ ቢላ ማንጠልጠል የተለመደ ስለሆነ፣ ጌጡና ሥራው በአንድ ቢላ ላይ ይገናኛሉ። እንዲህ ዓይነቱን የበዓል ቢላ ለሥራ አይገዙትም። ለሥራ የሚሆኑት በ1896 ጌይሎ ላይ የተጀመረው ብሩስሌቶና በ1932 በሆልመዳል የተቋቋመው ሄሌ የሚሠሩት ዓይነት ናቸው። የኋለኛው በድርብርብ ብረት ይታወቃል፤ ስለቱ ላይ በብርሃን ብታየው መሃሉ ያለው ጠንካራ ብረትና ጎኑ ያለው ለስላሳ ብረት የሚገናኙበት የማዕበል መስመር ይታይሃል።

ይህ የተቆለመመ ስለት ቆዳ ለመግፈፍ ያመቻል። መስከረምና ጥቅምት ላይ ኤልግ የሚባለው ትልቅ የአጋዘን ዘር አደን ሲከፈት አዳኞች ወገብ ላይ ብዙ ጊዜ የምታየው እንዲህ ያለው ነው። ለአጥንት ግን የፑኮው ችግር ይሠራበታል። ቆዳ ሲገፉ አጥንት መንካት ስለማይቀር ብዙ አዳኝ ስለቱ ላይ ትንሽዬ ሁለተኛ ዘቅዛቃ ይጨምርበታል፤ እንዴት እንደሆነ ወደ ታች አሳያለሁ።

የኖርዌዮቹን እጀታ ሳትይዝ አትግዛ። መሃሉ ያበጠው ቅርጽ ለሰፊ መዳፍ የተሠራ ነው። እጁ ቀጭን የሆነ ሰው ጣቶቹን አዙሮ ሊገጥማቸው አይችልም፤ አንድ ሰዓት ሲሠራበት አውራ ጣቱ ሥር ያመዋል።

ሌውኩ፦ የሳሚዎቹ ትልቅ ቢላ

የሳሚ ሕዝብ በሰሜን ኖርዌይ፣ ስዊድን፣ ፊንላንድና በሩሲያ ኮላ ልሳነ ምድር አጋዘን እየጠበቀ የኖረ ሕዝብ ነው። በሰሜን ሳሚ ቋንቋ ትልቁ ቢላ ስቱኦራ ኒይቢ ይባላል፤ «ሌውኩ» የሚለው ፊንላንዶች የሚጠሩበት ነው። ብረቱ ብዙ ጊዜ ከ20 ሴንቲሜትር በላይ ይሄዳል። ሰፊ፣ ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር የወፈረ፣ እጀታው ጫፉ ላይ ሰፋ የሚል ነው፤ ሲወናጨፍ ከእጅ እንዳያመልጥ።

ከቱንድራው፣ ዛፍ ከማያበቅለው የሰሜን ቀዝቃዛ ሜዳ፣ ዳር ያለው በርች ቀጭንና ጠማማ ነው፤ ለእሱ መጥረቢያ ይከብዳል። ሌውኩ ቅርንጫፍ ይመለምላል፣ ለድንኳን ምሰሶ ይቆርጣል፣ ማገዶ ይፈልጣል፣ የአጋዘን ቅልጥም ይሰብራል። ስለዚህ የቢላነቱን ያህል መጥረቢያም ነው። ባለቤቶቹ ብቻውን አይይዙትም፤ ከጎኑ ትንሹን ቢላ ያንጠለጥላሉ፣ ለጥቃቅኑ ሥራ። ሌውኩ ብቻውን ገዝቶ «አንድ ቢላ ለሁሉም» የሚል ሰው ሽንኩርት መላጥ ሲጀምር ይጸጸታል።

ከቀንድና ከበርች የተሠራው፣ በምስሎችና በሐረግ የተቀረጸው የሳሚ ቢላ ዱኦጂ የሚባለው የእደ ጥበባቸው አካል ነው። የሰሜኖቹ አፎት ጫፉ በጣም ይቆለመማል፤ የደቡቦቹ ቀና ይላል። ይህን የምጽፈው የመጀመሪያ ቢላዬ ትዝ ስለሚለኝ ነው፤ የአጋዘን ምስል ያለበት ሁሉ የሳሚ ሥራ አይደለም። የባለሙያው ሥራ «ሳሚ ዱኦጂ» የሚል መለያ ይሰጠዋል፤ ሠሪው ማን እንደሆነ ሻጩ ይነግርሃል። ሊነግርህ ካልቻለ ለጌጡ ብለህ ብዙ አትክፈል።

በአንድ ላይ ሲታዩ

| ቢላ | አገር | የብረቱ ርዝመት | ስለቱ | የሚያምርበት ሥራ | የሚከብደው | ዋጋ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ሞራ (መደበኛ) | ስዊድን | 10 ሴ.ሜ. ገደማ | ጠፍጣፋ ጎን፣ ሰፊ ዘቅዛቃ | የግንባታ ሥራ፣ ጫካ፣ መማሪያ | ማጣመም | ዝቅተኛ |
| ሞራ (ወፍራም) | ስዊድን | 10 ሴ.ሜ. ገደማ | እንደዚያው፣ 3.2 ሚ.ሜ. | ማገዶ መፍለጥ | ምግብ | ከዝቅተኛ እስከ መካከለኛ |
| ፑኮ | ፊንላንድ | የመዳፍ ወርድ | ዜሮ፣ ጥሩው ባለ ሽብልቅ | ቅርጻ ቅርጽ፣ ዓሣ | አጥንት | ፋብሪካ መካከለኛ፣ የእጅ ሥራ ውድ |
| ቶሌክኒቭ | ኖርዌይ | ከ8 እስከ 11 ሴ.ሜ. | ሆዱ የሰፋ፣ ጫፉ የተቆለመመ | አደን፣ ቆዳ መግፈፍ፣ መላግ | አጥንት፣ ትንሽ እጅ | ከመካከለኛ በላይ |
| ሌውኩ | የሳሚ ምድር | 20 ሴ.ሜ.ና በላይ | ሰፊ፣ ወፍራም | መመልመል፣ መፍለጥ | ጥቃቅን ሥራ ሁሉ | ከመካከለኛ በላይ |

ለማን የትኛው?

ግንባታ፣ መጋዘን ወይም ጽዳት ላይ ለምትሠራ፦ የፕላስቲክ አፎት ያለው፣ የማይዝግ ሞራ። ሌላ ነገር አትፈልግ። ሲደንዝ ትስለዋለህ፣ ሲያልቅ ትተካዋለህ፣ ጣሪያ ላይ ሆነህ ቢወድቅብህ ልብህ አይሰበርም።

ቅዳሜ ከልጆች ጋር ጫካ ለሚወጣ፣ ቋሊማ ለሚጠብስ፣ የሚቀጣጠል ፍቅፋቂ ለሚልግ ቤተሰብ፦ ያው መደበኛው ሞራ፤ ለልጁ ደግሞ ጫፉ የደነዘና መከለያ ያለው። ከሁለት መቶ ክሮነር በላይ ለዚህ ማውጣት አያስፈልግም። በተረፈው ገንዘብ የመሳያ ድንጋይ ግዛ፤ ይህን ምክር ከሁሉ አስበልጬ እሰጣለሁ።

ማንኪያ፣ ዋንጫ፣ መቋሚያ ለሚቀርጽ፣ እጁ እንጨት ለለመደ ሰው፦ ባለ ሽብልቅ ፑኮ፣ ካርቦን ብረት። የእጅ ሥራው ከ100 ዩሮ በላይ መሄዱ አይቀርም። በጀቱ ካልደረሰ ባለ ቀይ እጀታውን የጥንት ሞራ ያዝ፤ ጠፍጣፋ ቢሆንም ብረቱ ስስ ስለሆነ ኩርባ ላይ ከወፍራሞቹ ይሻላል።

ለአዳኝ ቶሌክኒቭ፣ ለዓሣ አጥማጅ የበርች ልጥ ፑኮ። ዓሣውን ከአከርካሪው ለመለየት ግን ከእነዚህ አንዱም አይሆንም፤ ለዚያ ብቻ የተሠራ፣ ስስና እንደ ቀርከሃ የሚተጣጠፍ ቢላ አለ። የክረምት ጉዞ ለሚወድና ድንኳን ውስጥ ለሚያድር ሰው ሌውኩ ከትንሽ ሞራ ጋር ጥሩ ጥንድ ነው፤ ሁለቱ አንድ ላይ ከአንድ ውድ ቢላ ይበልጣሉ።

ለወጥ ቤትስ? ብዙ ወገን ስለሚጠይቀኝ በግልጽ ልናገር። ለዶሮ ወጥ ሽንኩርት ለሚከትፍ ሰው ከእነዚህ የትኛውም አይሆንም። ወርዳቸው ጠባብ ስለሆነ ጣትህ ከመክተፊያው ጋር ይጋጫል፤ ውፍረታቸው ደግሞ ሽንኩርቱን ይፈነጥቀዋል። ቁርጥ ለመብላት፣ ከትልቁ ሥጋ አንድ ጉርሻ ለመቅደድ ግን ስስ ፑኮ ያምርበታል፤ ስለቱ ስል ከሆነ ሥጋውን ሳይጎትት ያወርደዋል።

እንዴት ይሳላል

ይህን ሳታውቅ ውድ ቢላ አትግዛ። 1000 ቁጥር የሆነ የውሃ ድንጋይ ውሃ አስጠጣ። በጥቁር እስክርቢቶ ዘቅዛቃውን ሙሉ ቀባው። ከዚያ ዘቅዛቃውን ድንጋዩ ላይ አስተኛ፤ በጣትህ ወደ ስለቱ በኩል ጫን ብለህ ግፋ። ሁለት ጊዜ ገፍተህ ተመልከት። ጥቁሩ ከላይ ጠርዙ ብቻ ከጠፋ ቢላውን ጋደም አድርገኸዋል፤ ስለቱ ጫፍ ላይ ብቻ ከጠፋ አንስተኸዋል። እኩል ከጠፋ ትክክል ነህ። በዚያው አሽ፤ በተቃራኒው ጎን፣ ስለቱ ላይ፣ በአውራ ጣት ስትዳብሰው የምትሰማ ቀጭን የብረት ከንፈር እስክትወጣ ድረስ። ያቺ ከንፈር ከጫፍ እስከ ጫፍ ካልወጣች አልጨረስክም። ከዚያ አዙረህ በሌላው ጎን እንደዚያው፤ በመጨረሻ በድሮ ቀበቶ ቆዳ ላይ ወደ ኋላ እየጎተትህ ከንፈሯን አስወግድ።

ለአጥንትና ለአደን የሚሆነው ሁለተኛ ዘቅዛቃ ደግሞ ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ይመጣል። ጀርባውን ከድንጋዩ ትንሽ ከፍ አድርግ፣ በየጎኑ ሦስት አራት ጊዜ በቀስታ አሽ፤ በቃ። በዓይን በጭንቅ የምትታይ መስመር ነች። ስለቱን ከመሸረፍ ታድነዋለች። ለእንጨት ግን ያን ያህል አትመችም፤ ስለዚህ ለሁለቱም ሥራ አንድ ቢላ የሚጠቀም ሰው አንዱን መምረጥ አለበት።

ቋሚ የኤሌክትሪክ መሳያ አትጠቀም። ሙቀቱ ብረቱን ያለሰልሰዋል፤ ማዕዘኑም ሌላ ስለሆነ የከፈልክበትን ዘቅዛቃ በአንድ ደቂቃ ያበላሸዋል።

ስትይዘውና ስትልከው

ስዊድን ውስጥ በ1988 የወጣው ሕግ ቢላ በአደባባይ፣ በትምህርት ቤት ግቢና በአደባባይ በቆመ ተሽከርካሪ ውስጥ መያዝን ይከለክላል፤ ለሥራ ወይም በሌላ ተገቢ ምክንያት ካልሆነ በቀር። ኖርዌይና ፊንላንድም መሰል ክልከላ አላቸው። በተግባር ሲታይ፣ ከሥራ ወጥተህ ባቡር ከመሳፈርህ በፊት ቢላውን ከሱሪህ አውርደህ ከመሣሪያ ቦርሳህ ግርጌ ክተተው፤ መንገድ ላይ ወደ ገበያ፣ ወደ ማኅበር፣ ወደ ጓደኛ ቤት ከመታጠፍህ በፊት ቤት አድርሰው። ጫካ ስትሄድም መኪና ውስጥ ለሳምንት ረስተኸው አትቆይ። ፖሊስ ሲጠይቅ «ለእንጉዳይ ነበር» ማለት የሚሠራው የእንጉዳዩ ቅርጫት ጎንህ ካለ ነው።

አገር ቤት ላለ አባት ወይም አጎት ስጦታ አድርገህ የምትልክ ከሆነ በእጅ ሻንጣ አይገባም፤ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ፣ አፎቱ ውስጥ ሆኖ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይሂድ። ካርቦን ብረት ከሆነ የቆዳ አፎቱ ውስጥ ሳምንታት ማደር አይወድም፤ ቆዳው እርጥበት ይይዛል። ከመሄዱ በፊት ብረቱን በምግብ ዘይት ቀባ አድርገው፣ በወረቀት ጠቅልለው፣ አፎቱን ለብቻው አስቀምጥ። ሲደርስም አብረህ አንዲት ትንሽ ድንጋይ ላክ።